ከፈተናው በፊት ስለተጻፈው የስንብት ደብዳቤ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በሰላም፣ ወንበርዎንም እንደ ወትሮው ጸንቶ እንድታገኘው ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔ የልብስ ማጠቢያው አሮጌ ሠራተኛ፣ በደግነትዎ «አባባ» እያሉ የሚጠሩኝ ሰው፣ ደህና ነኝ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ። ሥራ የገባሁ ዕለት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ልብሴን አየት አድርጎ፣ ሳይጠይቀኝ ቀለሙን ሲያቀርብልኝ፣ ሰውየውን ማሳፈር መሰለኝና አውራ ጣቴን ነክሬ አተምኩ። በማግስቱ «እችላለሁ» ማለት አሳፈረኝ፤ በሳምንቱ ጭራሽ ከበደኝ፤ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። በየማለዳው የጸሎት መጽሐፌን የማነብ ሰው፣ መሥሪያ ቤት ስደርስ መሃይም እሆናለሁ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ «ዝምታ ወርቅ ነው ትላለህ፤ ያ ሁሉ ወርቅህ መቼ ነው የሚሸጠው?» እያለች ትተርበኝ ነበር። ሳይሸጥ ሄደች።

አሁን ትዕግሥትዎን እየለመንኩ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የሐሳብ መስጫ ሳጥኑን ኮሪደሩ ላይ ስለሰቀሉልን። በዚያን ዕለት «ስም አያስፈልግም፣ ማንም አይጠየቅም፣ እኔ ልጃችሁ ነኝ» ብለው ደረትዎን መታ ሲያደርጉ፣ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ምክንያት ነበረኝ። ባለቤቴ ያረፈች ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ከጎኔ ተቀምጠው፣ እጄን ይዘው «ከእንግዲህ እንደ ልጅዎ ይዩኝ» ብለውኛል፤ እኔም ልጅ የነሳኝ ፈጣሪ በስተርጅና ላከልኝ ብዬ ነበር። ስለዚህ ታጥቦ በደረቀ አንሶላ ጠርዝ ላይ ተሰክቶ የቀረ የሕሙማን መርፌ የተኳሿን መዳፍ በወጋ ጊዜ፣ ያን ቃልዎን አምኜ «ጓንት ይሰጠን፤ አንሶላ ከየክፍሉ ሲወጣም መርፌ እንዳይኖርበት ይፈተሽ» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ስሜን አልጻፍኩም። ተኳሿ የምንላት፣ ልብስ የምትተኩስልን ባልደረባችን ናት፤ ቅጽል ስሙን ያወጣላት ግን ካውያዋ ብቻ ሳይሆን ምላሷም ነው። ለደም ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ ተብላ፣ የገዛ ልጆቿን ለመሳም እየፈራች ትውል ነበር።

፪ኛ፦ ስለ ፈተናው። ረቡዕ ዕለት አሥራ አንዳችንን አሰልፈው፣ ያችኑ ዓረፍተ ነገር እያንዳንዳችን በወረቀት ላይ እንድንጽፍ ማዘዝዎ፣ በዚህ ዕድሜያችን የትምህርት ቤት ትዝታ ቀስቅሶብናልና ምስጋና ይገባዎታል። ተራዬ ሲደርስ «አባባን ተዉአቸው፣ እሳቸው ፊደል አይለዩም» ብለው በርኅራኄ አሳለፉኝ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን እጅ ነሥቼ አለፍኩ። ዓርብ ዕለት ተኳሿ «የተቋሙን ስም በማጥፋት» ተባለችና ተሰናበተች፤ ጽሑፉ ከእሷ እጅ ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል ተባለ። የእሷ ፊደል እኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው! የእኔን ቀጥ ያለ ፊደል እንደዚያ ማለትዎ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ትንሽ ከንክኖኛል።

፫ኛ፦ በእኔ ፊት ወረቀት ስለማይደብቁ። ይህ ከሁሉ የላቀው ውለታዎ ነው። ከፈተናው አንድ ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ የቢሮዎን መጋረጃ ለእጥበት ላወርድ ስገባ፣ የስንብት ደብዳቤዋ ጠረጴዛዎ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ስሟ ተጽፎ፣ ማኅተሙ አርፎበት፣ ቀኑ ሰኞ ተብሎ። እርስዎም ስልክ እያነጋገሩ በእጅዎ ምልክት «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉኝ። ነገሩ በደንብ የገባኝ በማግስቱ፣ በሰልፉ ላይ ቆሜ ነው። ፈተናው ጥፋተኛ ለመፈለግ አልነበረም፤ ጥፋተኛዋ ተመርጣ፣ ተፈርዶባት፣ ማኅተም ተመቶባት ነበርና። ይህን ያደረገው ባዕድ ቢሆን ባልገረመኝ። ልጄ ያልኩት ሰው ነው። እኔስ ምን አደረግኩ? መጋረጃውን አጥቤ መልሼ ሰቀልኩልዎ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ጸሎቴ ሁሉ እርስዎን መክሰስ ነበር። አንድ ማለዳ ግን ክሴን ስደረድር፣ ግማሹ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። እርስዎ ወነጀሏት፤ እኔ ደግሞ እያወቅኩ አስረከብኳት።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አቤቱታዋ የፊታችን ሐሙስ በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይሰማል፤ አንድም ምስክር የላትም፤ ከተረታች ወደ ሥራዋ የመመለስ ተስፋዋ ያከትማል። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «እንግዲያው ያ ጽፎ የተደበቀው ማን ይሁን እያልኩ ሰባት ወር ሙሉ ስረግም የኖርኩት እርስዎን ነዋ!» አለችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። «እሱን ከሐሙስ በኋላ እናያለን» ብላ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ደሟ ነጻ መሆኑንም ያን ዕለት ሰማሁ፤ እርስዎ እስካሁን ስላልጠየቁ፣ ሥራ በዝቶብዎ ይሆናል ብዬ ላሳውቅዎ ወደድኩ።

ከጓንት ነጻ የሆኑ እጆቼን ለሰላምታ ዘርግቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ልጅ አገኘሁ ብሎ የተሞኘብዎ፣
የልብስ ማጠቢያው ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ እንዳልከተው፣ በደል ሁሉ ስላለቀ መሰለኝ፣ ከተነሣ ሰባት ወሩ ነው። ትናንት ጠዋት ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ነበር። መዝገቡን የያዘችው ሴት «አለቃዎ መምጣትዎን ያውቃሉ?» ብትለኝ፣ «ነገ ያነቡታል» አልኳት። ከዚያም ያችን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ የስንብት ደብዳቤውንም ከፈተናው በፊት በዓይኔ ማንበቤን አንድም ሳላስቀር ተናግሬ፣ ለሐሙስ የተኳሿ ምስክር ሆኜ ተመዘገብኩ።