ጨለማ ቤት የሚገቡት እናቶች

ማክሰኞ

ገመዱን ሳልስብ ጮኸች። እንዲህ ያለው ነገር ሲያጋጥመኝ ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሥራዬ ቀላል ነው። ከመጋረጃ ጀርባ እቀመጣለሁ፣ ሰው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ገመዱን ስስብ እርጥብ ጆንያ ከጣሪያ ይወርድበታል፣ ቁልፉን ስጫን ጅብ ይጮኻል። ሰውየው ይደነግጣል፣ እየሳቀ ይወጣል። ይቺ ሴትዮ ግን በሩ እንደተዘጋ ጮኸች። ስትወጣም አልሳቀችም። ሻሿን አስተካክላ «አላህ ይስጥሽ» ብላኝ ሄደች። ምን እንዳደረግኩላት አልገባኝም።

ጋሽ ጌታቸው ደስታውን አልቻለውም። ወልድያ ጋራዥ የነበረው ሰው መርሳ ከተማ መጥቶ ይህን መዝናኛ በገዛ እጁ በይዶ ነው ያቆመው። መጀመሪያ በሰንሰለት የሚሽከረከረው ዥዋዥዌ ሲተከል ሰው ከአጥሩ ውጭ ሳይቀር ተኮልኩሎ ያይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለመዱት። ትልቁ ተሽከርካሪ ጎማ ሲመጣ እንደገና ግር አሉ፣ እሱንም ለመዱት። አሮጌውን የእህል መጋዘን በጥቁር ላስቲክ አልብሶ ጨለማ ቤት ያደረገው ሲጨንቀው ነው። ይሄኛው ግን አልተለመደም። የገባ ሰው ተመልሶ ይመጣል። በተለይ ሴቶች፣ በተለይ ጠና ያሉ ሴቶች። ይህን ስነግረው «ሰው ካለ ምን ቸገረሽ ሀዋ?» አለኝ።

እኔን ግን ቸግሮኛል። ሰዎቹ ይወጣሉ፣ ድምፃቸው ግን እዚያው ጨለማው ውስጥ የሚቀር ይመስለኛል።

ረቡዕ

ዛሬ ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ከግራና ከተማ የሚመጡት እትዬ ከድጃ ተራቸው ሲደርስ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ዛሬ ያንን ጆንያ አትጣይብኝ። ጅቡንም ተይው። በሩን ብቻ ዝጊልኝ» አሉኝ። ዘጋሁላቸው። «አህመዴ» ብለው ጮኹ። ከዚያ ለቅሶ ሆነ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ገመዱን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ልጃቸው አህመድ ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ የት እንዳለ አይታወቅም። የእኛ ቤት ሰይድም፣ ወንድሜ፣ እንደዚያው ነው። ሞቷል ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። ቤትሽ ሆነሽ ድምፅ አውጥተሽ ብታለቅሺ ጎረቤቱ «ምን ሰማሽ?» እያለ ይሮጣል። አንድ ሰው ምንጣፍ ያነጥፋል፣ ሌላው ዘመድ ይጠራል። በዚያው ልጅሽ ሞተ ማለት ነው። በገዛ አፍሽ ገደልሽው ማለት ነው። ስለዚህ ማንም አያለቅስም።

እዚህ ግን ሁሉም ይጮኻል። ማን በፍርሃት እንደጮኸ፣ ማን በሐዘን እንደጮኸ ውጭ የቆመው ሰልፈኛ አይለይም።

እትዬ ከድጃ ሲወጡ ፊታቸውን ጠርገው ነበር። «አደራ፣ ለሰው እንዳታወሪ» አሉኝ። ወላሂ አላወራም አልኳቸው።

እማ ስለ ሰይድ አልቅሳ አታውቅም። «ያልሰማሁትን አላለቅስም» ነው የምትለው። እኔም እሷ እያለች አላለቅስም።

ሐሙስ

አረፋ ነገ ነው። መንገዱ በሰውና በበግ ተጣቧል። ከአዲስ አበባም ከደሴም ሰው ለበዓል እየገባ ነው። በእያንዳንዱ አውቶቡስ መስኮት የማየው ሰው ሰይድ ይመስለኛል። በየዓመቱ እንዲህ ያደርገኛል።

ጋሽ ጌታቸው ጠዋት አንድ ነገር ሠርቶ ጠበቀኝ። ጨለማ ቤቱ ውስጥ ማይክራፎን ሰቅሏል፣ በሩ አናት ላይ ደግሞ ሞንታርቦ። «ጩኸቱ አስፋልት ድረስ ይሰማ፣ ያኔ ሰዉን ታያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ባጃጆች ቆሙ። የወልድያ መንገደኞች ከመኪና ወርደው ተሰለፉ። ጩኸት በወጣ ቁጥር ሕዝቡ በሳቅ ያውካካል፣ በሳቀ ቁጥር ሰልፉ ይረዝማል። ዥዋዥዌው ባዶውን ሲዞር ዋለ።

እትዬ ከድጃ ከሰዓት በኋላ መጡ። ግርግሩ መሃል እንዴት እንደገቡ አላየሁም፣ ከውስጥ ድምፃቸውን ስሰማ ነው ያወቅኳቸው። ስለ ማይክራፎኑ አልነገርኳቸውም። «አህመዴ» ሲሉ ሞንታርቦው ተቀብሎ «አህመዴ» አለ። ውጭ ያለው ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከአንድ በኩል ቀጥ አለ። የግራና ሰዎች ነበሩበት።

ዓርብ፣ አረፋ

የሆነውን ጠዋት ከሶላት መልስ ሰማሁ።

የግራና ሰዎች ድምፁን ለዩት። እትዬ ከድጃ መርዶ ደርሷቸው ነው ብለው አሰቡ፤ መርዶ ሳይሰማ እንዲያ የሚጮኽ ማን አለ? በመኪና ቀድመዋቸው ሄዱ። ጎረቤት ተጠራ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ ከድጃ የበዓሉን ሽንኩርት ይዘው ሲደርሱ ግቢያቸው ለቅሶ ሆኖ ጠበቃቸው። እሳቸው ደግሞ «እኔ በሌለሁበት መርዶ መጣ» ብለው እዚያው በር ላይ ወደቁ። ሰዉ ከእሳቸው ሰማሁ ይላል፣ እሳቸው ከሰዉ ሰማሁ ይላሉ። ማንም ምንም እንዳልሰማ እስኪታወቅ ድረስ አህመድ ሞቶ ቆየ።

አሁን ሰዉ ምንጣፉን ጠቅልሎ ሄዷል አሉ። እሳቸው ግን ከቤት አልወጡም።

ማይክራፎኑን አውርደው ብዬ ጋሽ ጌታቸውን ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ግን በዓል ነው፣ ግቢው ጢም ብሏል። «ሕዝቡ የሚመጣው በድምፁ ነው፣ በዓሉ ይለፍና» አለኝ። እኔም ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። አደራ ተብያለሁ።

ማታ እማ ከበጉ ሥጋ የሰይድን ድርሻ እንደየዓመቱ ለየች። እየለየች «እዚያ ጨለማ ቤትሽ ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም። ሰው የሚያስደነግጥ ነገር።»

«ነገ እመጣለሁ።»

«እማ፣ ለልጆች ነው እኮ።»

«የከድጃን ነገር ሰምቻለሁ» አለችና ሥጋውን መለየቷን ቀጠለች።

ፈራሁ። እማ በሞንታርቦ ካለቀሰች መርሳ በሙሉ ይሰማል፣ ሰይድም እንደ አህመድ ይሞታል። የባሰው ግን ሌላ ነው። እማ ካለቀሰች ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። እሷ ከቆረጠች እኔ በምን እቆማለሁ?

ቅዳሜ

መጣች። የበዓል ልብሷን ለብሳ ጎረምሶች መሃል ተሰልፋለች። አንዱ «እማማ አይፈሩም?» ሲላት አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተጠጋች።

ሮጬ ጋሽ ጌታቸው ጋ ሄድኩ። «እናቴ ልትገባ ነው» አልኩት። ወደ ሰልፉ አየ። ሰይድን ብየዳ ያስተማረው እሱ ነው፣ እማንም ያውቃታል። ቀና ብሎ ሞንታርቦውን አየው፣ እኔን አየኝ። ያልነገርኩትን ሁሉ ያን ጊዜ የተረዳው ይመስለኛል። የማይክራፎኑን ገመድ ነቀለና የአምባሰል ዘፈን ከፈተ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

ወደ መጋረጃዬ ተመለስኩ። በሩ ተዘጋ። እማን አላያትም፣ ትንፋሿን ግን እሰማለሁ። ጩኸቷን ጠበቅኩ።

አልጮኸችም። «ሰይድ» አለች፣ ጓሮ ያለን ሰው ለምሳ እንደምትጠራ። ጠበቀች። «ሰይድ» አለች ደግማ። እኔም አብሬ ጠበቅኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ አቤት የሚል ያለ መስሎኝ ነበር።

ማንም አቤት አላለም። ያን ጊዜ ከእኔ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ። የኔ አልመሰለኝም። አፌን በሁለት እጄ ብይዘው እምቢ አለ። እማ በጨለማው እየዳሰሰች መጣች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ጭንቅላቴን ይዛ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ምን ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምንም። ወላሂ ምንም አልሰማሁም እማ።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እንግዲያው አልቅሺ» አለችኝ። «አብሽሪ ልጄ። እዚህ የሚሰማን የለም።»

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፣ በጣም ዝግ ብላ። ውጭ ሰልፈኛው በሩን ይደበድብ ነበር።

እሑድ

ሞንታርቦው ዘፈን ብቻ ነው የሚለቀው። ሰዉ በግማሽ ቀንሷል። መንገደኛ አይቆምም። ጋሽ ጌታቸው ሌላ አዲስ ነገር ካልሠራሁ እዘጋለሁ እያለ ሲያጉረመርም ዋለ። ማይክራፎኑን ግን አልመለሰውም።

ከውርጌሳ የምትመጣ አንዲት እናት በር ላይ ቆማ ሞንታርቦውን ስታየው ቆየች። ወደ ውጭ አይሰማም ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ገባች። ገመዱን አልነካሁም።

እትዬ ከድጃ ዛሬም አልመጡም። ይመጡ እንደሆነ አላውቅም።

ቤት ስገባ እማ የሰይድን ሥጋ ዘልዝላ ቋንጣ ሰቅላዋለች። «ሲመጣ ይበላዋል» አለች። ሌላ ጊዜ ይህን ስትል አይን አይኔን እያየች ነበር፣ ዛሬ ፊቷን ወደ ቋንጣው ገመድ አዙራ ነው ያለችው። ነገስ ጨለማ ቤቱ ትመጫለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

ቋንጣውን አንድ በአንድ አራራቀች።

«ነገ አይደለም» አለችኝ።