የዘሊካ ሐይቅ

ናስራዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም!

ቁጭ ብለሽ አንብቢው፦ እናቴ አርዲቦ ሐይቅን ዋኘች!

እኔ እንኳ በካርቱም ልማዴ ሁለት ፕላስቲክ ውሃ በረዶ አድርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የመጣሁት። ኦምዱርማን ስንሄድ አውቶቡሱ ድልድዩን ሳይሻገር ይቀልጥ የለ? እዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጥተን ሐይቁ ዳር ስንደርስም እንደ ድንጋይ ነው። አጎቴ ጂብሪል «በረዶ ተሸክማ ብርድ አገር መጣች» ብሎ በሳቅ ሊሞት!

እናቴ ግን ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ውሃው ውስጥ ገባች። «ልጅ ሆኜ ማዶ ካለው ሾላ ድረስ ዋኝቼ እመለስ ነበር» ስትለን፣ «ወላሂ ውሸት ነው፣ ኻልቲ» እያልሽ የሳቅሽባት ትዝ ይልሻል? እኔም አብሬሽ ስቄያለሁ። ሾላው ዛሬም አለ። በሃምሳ አራት ዓመቷ ደረሰች፣ ግንዱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ተመለሰች! ጂብሪል «አላሁ አክበር! ዘሊካ!» እያለ ሲጮህ እኔ አለቀስኩ።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ፣ የማዳሟ ልጆች ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ፎጣ ይዛ ዳር የምትቆመው እሷ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ እግሯን አልነከረችም።

ፖስትካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ሳጃና ሰፈር ያሉትን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ይቅርታሽንም አዘጋጂ፣ ኢንሻአላህ ስንመለስ ትጠይቂያታለሽ። ይኸው ሁለተኛ ገብታ አሁን እየወጣች ነው። ያላ፣ ልሂድ፤ ዛሬ ፎጣ ያዧ እኔ ነኝ።

ዐዛ