ከመንዙማው በኋላ የቀረው ድምፄ

በአላህ ስም። ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ በቤቴ፣ ትራስ ተደግፌ፣ እኔ ዘፋኟ ሙሀባ አሊዪ ይህን ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት አስጽፋለሁ። ደረቴ ደክሟል፤ ልቡናዬ ግን በቦታው ነው። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። ጸሐፊው አብዱልመጂድ የምለውን ሳያሳምር ይጻፍ፤ ሲያሳምሩልኝ የኖሩት ይበቁኛል።

ቤቴንና ፍየሎቼን ልጄ ፋዲላና ወንድሜ ነጅሙዲን በሸሪዓ ድርሻቸው ይካፈሉ። ለወራሽ በኑዛዜ መጨመር እንደማይገባ ቃዲው ነግሮኛል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው ለመናዘዝ ከተፈቀደልኝ ከሲሶዬ ነው።

ማይክሮፎኔን የቀበሌው ኪነት ቡድን ለአንድ በዓል ብሎ ወስዶ አልመለሰም። ይቅር ብያለሁ፤ ያስቀሩት። ለእነርሱ የዘፈንሁትን የምርት ዘመቻ ዘፈን ግን ማንም ከሥራዎቼ እንዳይቆጥርብኝ። የእኔ ሥራ አዲስ አበባ ያስቀረጽኋቸው ሁለት ሸክላዎችና አንድ ካሴት ናቸው። ሰዓት እላፊ የምዘፍንበትን የምሽት ክበብ ሲዘጋው ወደ ቆላዬ ተመለስሁ። ሸክላዎቹም ተጫጭረው አልቀዋል፤ ለማንም አይረቡም።

የሚያብረቀርቀውን የመድረክ ቀሚሴን ለጎረቤቴ ለዙሀራ ሰጥቻለሁ። ስለብሰው ስታማኝ ኖራለች፤ ዓይኗ ግን ከቀሚሱ ተነቅሎ አያውቅም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ከሁሉም የምወዳትን የመጨረሻ ዘፈኔን ኦርጋን ተጫዋቹ ግርማ መጥቶ በጓደኛዬ በሮማን ሆቴል አዳራሽ በሌላ ካሴት ቀረጽናት። ድምፁ እንዳይገባ ቬንትሌተሩን አጥፍተን፣ በዚያ በሮቢት ሙቀት ላባችን እየተንቆረቆረ ነበር። ሳንሱር ካስመረረኝ ወዲህ ግጥም ወረቀት ላይ ማስፈር ትቼ ስለነበር ዘፈኗ ያለችው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ማንም እንዳይቀርጽበት የካሴቱን ጥርስ ሰብሬ አስቀመጥሁት። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነጅሙዲን የተሰበረውን በወረቀት ደፍኖ የራሱን መንዙማ ቀረጸበት። ለነፍሴ አስቦ ነው። መንዙማው አጠረና የዘፈኔ መጨረሻ ከኋላው ተረፈ። የጠፋውን መጀመሪያ ደግሞ ትኩሳቱ ከራሴ ጠርጎ ወሰደው፤ ግርማም ሞቷል። ሐዘኑ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ይህን ካሴት እንዳለ ለሮማን ሰጥቻለሁ። መንዙማውም አይነካ፣ ከእኔም የተረፈው አይቆረጥ። የእናታችን ድምፅ በሁለታችንም ጉሮሮ አለና።

ነጅሙዲን ይህን ሲሰማ፦ «መንዙማዬን ቡና ቤት ልታስቀምጪው ነው? አስተግፊሩላህ!» አለ። ይጻፍ።

ሮማንም ከበሩ አጠገብ፦ «ጋሼ ነጅሙዲን፣ የማኖረው ከልብስ ሣጥኔ ነው። እዚያ መጠጥ አይገባም» አለች። ይህም ይጻፍ።

ልጄ ፋዲላ፣ መዝፈን ካማረሽ ዝፈኚ፤ ጭብጨባው ግን ፍቅር አይምሰልሽ። አጎትሽንም አትጥዪው። ደክሞኛል፤ ጨርሻለሁ።

የጸሐፊው ቃል፦ ኑዛዜው ተነቦ ተናዛዧ ከፈረሙ በኋላ፣ ወራሹ አቶ ነጅሙዲን አሊዪ መስማማታቸውን በፊርማ እንዲያረጋግጡ ብዕር ሲሰጣቸው አልተቀበሉም። «ዘፈኑን ከማጥፋቴ በፊት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «እኛ መንዙማ የምንይዘው በጆሮ ነው፤ አንዴ የገባ አይወጣም። የጠፋውን ጻፉት።» ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ዜማ ሳይጨምሩ እንዲህ አሉ፦

የጣርማ በሩ ጉም መንገዱን ቢጋርደው፣
ቁልቁለቱን እግሬ በናፍቆት ወረደው።

ተናዛዧ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ከዚያም፦ «ቀጥል» አሏቸው። የቀሩት ስንኞች በዚህ ወረቀት ጀርባ ተጽፈዋል።

ተናዛዥ፦ ሙሀባ አሊዪ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ በድሩ ሳልህ፣ ባለሱቅ (ፊርማ)፤ አሰፋ ወልዴ፣ የአውቶቡስ ሹፌር (ፊርማ)፤ ዓለምፀሐይ ደስታ፣ ልብስ ሰፊ (ፊርማ)፤ አብዱልፈታህ ሳልህ፣ ገበሬ (የጣት አሻራ)
ጸሐፊ፦ አብዱልመጂድ በድሩ (ፊርማ)
ስንኞቹን አስጽፎ የተስማማ ወራሽ፦ ነጅሙዲን አሊዪ (ፊርማ)