ከመጋረጃ ጀርባ ለነገሡት ሊቀ መንበራችን

ለክቡር አቶ መልከጸዴቅ፣
በሲያትል የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ማንም ድምፅ ባልሰጠበት ምርጫ የጎንደር ንጉሥ፤

ክቡርነትዎ በዚህ ማብቂያ በሌለው ዝናብ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ወገብዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያንን ቀይ ከፋይ የለበሰ ዙፋን ብዙ የተቀመጠበት ሰው ሲነሣ ወገቡን እንደሚይዘው በቅርብ ስለማውቅ ነው፤ እንዴት እንዳወቅሁ መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ሰው ሁሉ ዘንድሮ ልብሳችሁ እንዴት ንጹሕ ሆነ እያለ ያመሰግነናል፤ ለዚህም ምስጋናው የሚገባው ለእርስዎ ነው።

ሠርካለም እባላለሁ። በሥራ ቀን ሬድመንድ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ማውንት ቤከር ሰፈር ባለው የማኅበራችን አዳራሽ የኋላ ክፍል ለእናቶችና ለአባቶች የዜግነት ፈተና አስጠናለሁ፤ ወይም አስጠና ነበር። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ማድረስ ሲገባኝ በየሱቁና በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትህትና እለምናለሁ። በእጅ ለማድረስ ያልሞከርኩት ነገር የለም፤ ዳሩ ግን ከእርስዎ ይልቅ ግድግዳው ቀረብ ያለ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ለ1989 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ማኅበራችን በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የጎንደር ቤተ መንግሥት ሰዎች ከማለዳ እስከ ማታ ምን ይሠሩ እንደነበር የሚያሳይ ትርኢት አቀረበ። እርስዎ ንጉሥ ሆኑ። ዘካሪያስ ወደ ንጉሡ የሚገባውን ሰው የሚያግድ እልፍኝ አስከልካይ፣ ቴዲ የንጉሡን ቃል የሚያሰማ አፈ ንጉሥ፣ አማረ ደግሞ የንጉሡን ልብስ የሚለብስ ሊቀ መኳስ ሆነው ተጫወቱ። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር፤ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ችግር የመጣው እኛ ማጨብጨባችንን ስንጨርስ እናንተ አለመጨረሳችሁ ነው። በማግስቱ ዙፋኑ ከነመጋረጃው የኋላ ክፍሉ ውስጥ ቀረ፤ የኛ ሰሌዳ ኮሪደር ላይ ወጣ፤ ተማሪዎቼም ተከትለውት ወጡ።

ቅሬታዬን በቁጥር ማቅረብን ከማንም አልተማርኩትም ልል አልችልም። ለፈተናው ከምናጠናው ውስጥ፣ በዚያው የጎንደር ነገሥታት በነበሩበት መቶ ዘመን፣ የዚህ አገር ሰዎች ባሕር ማዶ ለነበረው ንጉሣቸው በደላቸውን አንድ በአንድ ዘርዝረው እንደጻፉ የሚናገር ክፍል አለ። መጨረሻው ምን እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቁታል ብዬ አልፈዋለሁ።

አንደኛ፤ በሩን በተመለከተ። ዘካሪያስ ታክሲ ሲነዳ ለማያውቀው ሰው እንኳ ወርዶ በር የሚከፍት ሰው ነበር። እልፍኝ አስከልካይ ከሆነ ወዲህ ግን የትርኢቱን ጭራ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሠርክዬ፣ ሶ፣ ዛሬ ቢዚ ናቸው፤ ኮል አድርጊና አፖይንትመንት ያዢ» ይለኛል። እታዘዛለሁ፤ እደውላለሁ። የመልእክት መቀበያው ማሽን በቴዲ ድምፅ ጃንሆይ ግብር ላይ መሆናቸውን ከገለጸ በኋላ አቤቱታዬን ከጡሩምባው ድምፅ በኋላ እንዳሰማ ይጋብዘኛል። ጡሩምባው በጣም ያምራል፤ ማን እንደነፋው ባውቅ አመሰግነው ነበር።

ሁለተኛ፤ ጃንጥላው። ሲያትል ውስጥ ዝናብ የሚፈራ ሰው እንግዳ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ፤ የከተማው ሰው ኮፍያውን ደፍቶ ይሄዳል። ክቡርነትዎ ግን መኪናዎን ፓርክ አድርገው እስኪገቡ ድረስ ባለ ዘርፉ የትርኢት ጃንጥላ ከራስዎ በላይ ይያዝልዎታል። እኛ የማንጠለለው ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሰሌዳችንን ከጃንጥላው ስር ለማስጠለል ትንሽ ቦታ ቢተርፍ ነው፤ ኮሪደሩ ያፈሳል፤ በጠመኔ የጻፍኩት የምክር ቤቱ ክፍሎች ስም በየቅዳሜው ወደ ታች እየፈሰሰ ተማሪዎቼ ሴኔቱን ከወለሉ ላይ ማንበብ ጀምረው ነበር።

ሦስተኛ፤ አፈ ንጉሡ። አንድ ቀን እንደ ምንም ብዬ እስከ መጋረጃው ደርሼ ነበር። ክፍላችን ይመለስልን፣ ሰዎች ፈተና ደርሶባቸዋል ብዬ በግልጽ አማርኛ ተናገርኩ። ቴዲ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሠርካለም ለትርኢቱ ያላትን አድናቆት ልትገልጽ መጥታለች አለዎት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኦኬ፣ በጣም አመስግነዋል» አለኝ። እርስዎ ከእኔ የሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆነው ሲያስሉ እሰማ ነበር። እግዚአብሔር ይማርዎት ብያለሁ፤ ምን ተብሎ እንደደረሰዎ አላውቅም።

አራተኛው ቅሬታ የቤትዎን ጉዳይ ስለሚነካ በአደባባይ መጻፍ ነውር መስሎኝ ለባለቤትዎ በቃል ነግሬያቸዋለሁ። በሁሉም ነጥብ ተስማምተውኛል፤ ሁለት ነጥብም ጨምረውልኛል።

አምስተኛ፤ ሊቀ መኳሱ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና ጨዋታዬ ይቆማል።

እማማ ማንአልሞሽን ያውቋቸዋል። አንድ ልጅ ብቻ አለቻቸው፤ አገር ቤት ናት፤ ካዩዋት ዘመን ሆኗል። ልጅቱ ባል ያገባች ስለሆነች እናትየው የዚህ አገር ዜጋ ካልሆኑ በስተቀር ለማስመጣት ማመልከት እንኳ አይችሉም፤ አመልክተውም ወረፋው ረጅም ነው፤ እድሜያቸው ደግሞ አይጠብቅም። ለእማማ ማንአልሞሽ ያ የኋላ ክፍል ክፍል አልነበረም፤ የልጃቸው መንገድ ነበር። የፈተና ቀጠሯቸው ሲቃረብ አባላቱ ተሰብስበን በአንድ ላይ ስንጮህ ጊዜ፣ እርስዎ ራስዎ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው እንደሚያዳምጡን ተነገረን። ሄድን። ከመጋረጃው በታች የታወቀው ግራጫ ካፖርትዎ ጫፍና ጫማዎ ይታያል። እማማ ማንአልሞሽ ተነሥተው ስለ ልጃቸው ተናገሩ፤ አለቀሱ፤ እኔ ሳልደርስባቸው በጉልበታቸው ወደቁ። ያን ጊዜ መጋረጃው ተከፈተ፤ የወጣው ግን አማረ ነበር። ካፖርትዎን ለብሷል፤ ጫማዎን ተጫምቷል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እርስዎ ቤትዎ ሆነው የሶኒክስን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ እያዩ ነበር።

በጎንደር ሊቀ መኳስ ማለት በጦርነት ላይ የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ለንጉሡ የተወረወረው ጦር እሱን እንዲያገኘው ራሱን የሰጠ ሰው ነበር። ያን ቀን የተወረወረው የአንዲት እናት እንባ ነው። ከዚያ ለመደበቅ ሰው የሚያስፈልገው ንጉሥ በታሪክ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በጣም አዝኜብዎታለሁ፤ ይህን በአክብሮት ማሳመር አልቻልኩም። አማረ ካፖርቱን እዚያው አውልቆ ዙፋኑ ላይ ጣለና እማማን አንሥቶ ደግፎ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኛን ወንበሮች የሚሸከምልን እሱ ነው።

ወደ ጨዋታዬ ልመለስ። ክቡርነትዎ ባያባርሩን ኖሮ የማናገኘውን የተሻለ ትምህርት ቤት ስላገኘን ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ሬኒየር መንገድ ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት ያለው አወል በር ላይ ማንንም ሳያቆም አስገባን። ሰሌዳችንን ከማድረቂያው አጠገብ ስለሰቀልነው ጽሑፉ አይፈስም። ተማሪዎቼ በማጠቢያ ማሽኑ ጩኸት ላይ ድምፃቸውን አሰምተው መመለስ ስለለመዱ ማንም ፈታኝ ድገሙልኝ አይላቸውም። ቅዳሜ የምንመጣው ከነሚታጠበው ልብሳችን ስለሆነም፣ ከላይ እንደገለጽኩት፣ በከተማው ውስጥ እንደኛ ንጹሕ የለበሰ ሰው የለም። ኑሮ በእልፍኝና ኑሮ በልብስ ማጠቢያ ቢወዳደሩ የትኛው እንደሚሞቅ እርስዎ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

አሁን የምሥራች። እማማ ማንአልሞሽ ባለፈው ሳምንት ተፈትነው አልፈዋል። እኔ በር ላይ ስጠብቃቸው ስለነበር ሲወጡ የነገሩኝን እንዳለ አስቀምጣለሁ። ፈታኟ የዚህ አገር ሰዎች ከንጉሣቸው ለምን እንደተለዩ ጠየቀቻቸው። ያስጠናኋቸውን ረዥሙን መልስ በድንጋጤ ረሱት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ኪንግ ኖ ሊስን፤ ዶር ኦልዌይስ ክሎዝድ፤ ፒፕል ክራይ፣ ኪንግ ኖ ካም» አሉ፤ ንጉሡ አይሰማም፣ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ ሕዝብ ሲያለቅስ ንጉሡ አይመጣም ማለታቸው ነው። ፈታኟ ብዕሯን አስቀምጣ ይህንን የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳነበቡት ጠየቀቻቸው። «ኖ ቡክ፤ ማይ ኮሚኒቲ» አሉ እማማ፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማኅበሬ ነው ማለታቸው ነው። ትክክል ተብሎ ተመዘገበላቸው። ስለዚህ ክቡርነትዎ ያስተማሩን ነገር የለም ብዬ ሳማዎት የኖርኩት ሐሜት ሐሰት መሆኑን በይፋ አርማለሁ።

ከእማማ ኋላ ግን ሌሎች አሉ፤ ለእነሱም ማጠቢያ ቤቱ እየጠበበ ነው። ክፍሉን እንዲመልሱልን ለመጨረሻ ጊዜ እለምናለሁ። ብቸኝነት ይሰማኛል ብለው ከሆነ የፈሩት፣ ለዚህም መፍትሔ አለን። በትርኢቱ ላይ ቴዲ ራሱ እንደተረከው፣ በጎንደር አቤት ባዮች በየቀኑ ከንጉሡ መስኮት ስር ይጮኹ ነበር። ዝናብ ሲበረታና አቤት ባይ ሲጠፋ፣ ንጉሡ እንዳይከፋቸው ተቀጥረው የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ሲያትል ዝናብ አያጣም፤ እኛም ጉሮሮ አላጣንም። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ መላው ክፍል መስኮትዎ ስር ቆሞ በነጻ ይጮህልዎታል። ድምፃችንን በአወል ማሽኖች ላይ ስለሞረድነው መጋረጃውም ቴዲም አይበግሩትም።

በግንቦት ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ተማሪዎቼ በሙሉ የማኅበሩ አባል ሆነው ተመዝግበዋል፤ እጅ ማውጣት ደግሞ ክፍል ውስጥ በደንብ ተለማምደዋል። ለሊቀ መንበርነት እማማ ማንአልሞሽን ለመጠቆም አስበናል። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ እንዲነቀል።

የክቡርነትዎን እድሜ ያርዝምልን፣ ወገብዎን ይጠብቅልን፣ መጋረጃዎን ከእሳትና ከንፋስ ይሰውርልን እያልኩ፣ ጭራውን ለያዙ፣ ጃንጥላውን ለያዙ፣ ምንም ሳይዙ ዝም ብለው ለቆሙ ሹማምንትዎ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ከኮሪደር ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤት በክብር የተዛወርኩ፣ ታማኝ ተገዥ መሆን አቅቶኝ አባል ብቻ ሆኜ የቀረሁ፣
ሠርካለም
ሲያትል፣ መጋቢት 1989 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ዙፋኑ የኔ ነው። ከከፋዩ ስር ያለው የባለቤቴ ቴሌቪዥን ማያ ሶፋ ነው፤ ለትርኢቱ ማታ ብቻ ነበር ያዋስኩት፤ ባለቤቴ ከመስከረም ጀምሮ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያል። አማረ ቅዳሜ ጠዋት በፒክአፑ ይመጣል። ተቀምጠውበት ከሆነ አይነሡ፤ በቀኝ በኩል ከፋዩ የሸፈነው እጀታ አለ፤ እሱን ስንስበው ወደ ኋላ ይተኛል፣ እግርዎም ከፍ ይላል፣ ከነክብርዎ ጭነን አወል ጋ እናደርስዎታለን። ባለቤትዎ በአራተኛው ቅሬታ ላይ ከጨመሩልኝ ነጥቦች አንዱ እርስዎም የዜግነት ፈተናውን ፈርተው እስካሁን አለመውሰድዎ ስለሆነ፣ ከማድረቂያው አጠገብ፣ ከእማማ ማንአልሞሽ በተለቀቀው ቦታ ላይ እንጠብቅዎታለን። ስለ ንጉሡ የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ አይጨነቁ፤ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።