የጥር ማርያም ዕለት መቅደስ የነበሩት ቄስ ታረቀኝ መዝገቡ

ቄስ ታረቀኝ መዝገቡ ከሸማኔው ከአቶ መዝገቡ ወልዴና ከሸጎሌ ተድረው ከመጡት ከወይዘሮ ጌጤ በዳሳ በ1915 ዓ.ም. ጉለሌ፣ ቀጨኔ ሰፈር ተወለዱ።

አባታቸው ሽመናውን እንዲወርሱላቸው ቢመኙም እርሳቸው ሥራውን እየተዉ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መዋል አበዙ። በመጨረሻ አባትየው ተሸንፈው ለመምህር ሰጧቸው። ንባብ፣ ዜማና ቅዳሴ ተምረው ዲቁና ተቀበሉ። በ1941 ዓ.ም. ወይዘሮ ውባለም ደስታን በቁርባን አገቡ፤ በዓመቱም ቅስና ተሾሙ። ንግሥትንና ዓምሃን ወለዱ።

ለኑሯቸው ሸማ ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ ጣራው ሲያፈስ፣ ዘመድ ሲጠራቸው፣ ደንበኛ ሸማው ዘገየብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ አስቀድሞ የጠራቸው እግዚአብሔር መሆኑን ተናግረው ወደ አገልግሎታቸው ይሄዱ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌ ስብሰባውን እሑድ ጠዋት ቢያደርገውም ከቅዳሴ አልቀሩም። ከስኳር ወረፋ ወጥተው ሄደው ቤተሰቡ ያለ ስኳር ከርሟል። ወይዘሮ ውባለም ያማርራሉ፤ ዓምሃ ይስቃል።

ዓምሃን በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከቤት ወሰዱት። ከዚህ በኋላ ያለውን እኛ ቤተሰቦቻቸው በአደባባይ ስንናገር ዛሬ የመጀመሪያችን ነው።

ጥር 21 ቀን፣ እሑድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ቄስ ታረቀኝ ቀዳሽ ነበሩ። ቅዳሴው ተጀምሮ ሳለ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሾዴ፣ የዓምሃ አስከሬን ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር መጣሉን ለወይዘሮ ውባለም ነገሯቸው። እናት ሄደው ቢለምኑ ጠባቂዎቹ አላስጠጓቸውም። ቄሱ ራሳቸው ቢመጡ ይሰጡኛል ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ፤ በዲያቆንም ላኩባቸው። ቅዳሴ የጀመረ ቄስ ግን ሳይፈጽም አይወጣም። ዲያቆኑ በጆሯቸው ሲነግራቸው ድምፃቸው ተቋረጠ። ምእመናኑ ጠበቁ። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሕዝቡን አቁርበው ካሰናበቱ በኋላ ልብሰ ተክህኖውን አውልቀው ሮጡ። ሲደርሱ መኪና የዓምሃንና የሌሎችን አስከሬን ጭኖ ሄዷል። የዓምሃ መቃብር እስከ ዛሬ አይታወቅም። ማልቀስም አልተፈቀደልንም።

ወይዘሮ ውባለም ለረጅም ጊዜ አላናገሯቸውም። አንድ ቀን ግን፣ «አባ፣ የእግዚአብሔርን ጥሪ ሰሙ፤ የልጅዎን ግን አልሰሙም» አሏቸው።

«ሁለቱንም ሰማሁ» አሉ።

ከዚያም በኋላ ተራቸውን አላጓደሉም። ነገር ግን ቅዳሴው ያን ዕለት ካቆሙበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፃቸው ይቋረጣል፤ ሕዝቡም ለምዶት በዝምታ ይጠብቃቸው ነበር። ቤት ውስጥ ማዕድ ላይ ሳሉ «መጣሁ» ብለው ይነሡና የአጥሩን በር ይከፍታሉ። ማንም የለም። ከፍተው ይቆማሉ። እስኪመለሱ እህል አንቀምስም ነበር።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ዘንድሮ ግንቦት ላይ አልጋ ያዙ። እሑድ ሰኔ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. ጠዋት የቅዳሴ ደወል ሲሰሙ ለመነሣት ታገሉ። ወይዘሮ ውባለም እጃቸውን ይዘው፣ «ዛሬ ተራው የሌላ ነው፤ እርስዎ ወደ ልጅዎ ይሂዱ» አሏቸው። ጋደም አሉ። ቅዳሴው ሳይፈጸም በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባለም፣ ልጃቸው ንግሥትና የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። በወይዘሮ ውባለም ፈቃድ ዛሬ የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐት እስከ አሁን ፍትሐት ላልደረሰለት ለዓምሃም ጭምር ነው። መድኃኔ ዓለም አባትና ልጁን በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናትም እንባቸውን የሚያፈሱበትን ቀን ስለ ሰጠ ስሙ ይመስገን።