ጾሙ ከተፈታ ቆይቷል

ኤቢሴ፣

ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም፤ ቢሮ ሄጃለሁ። ከሰሉን ዝናብ እንዳይመታው ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ስትወጪ ቁልፉን ለአከራያችን ለእትዬ ደስታነሽ ስጪልኝ።

ትናንት በአንድ የድስት ክዳን ያን ያህል የጮኽኩብሽ ክዳኑ አናዶኝ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመስኩም ነበር።

እናትሽ ከደንዲ የላኩልሽን ቅቤ አልጋ ስር የደበቅሽው ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ።
አውጪው።

እናንተ ጴንጤዎች የእኛን አጽዋማት ስለማትቆጥሩ፣ እየጾምኩ ነው ስልሽ ታምኚኛለሽ። የሐዋርያት ጾም የተፈታው ሐምሌ አምስት ነው። አሁን ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ማክሰኞ ነው። እኔ ግን እስካሁን አልፈታሁም። ለእግዚአብሔር ብዬም አይደለም።

ሲከፋኝ እህል አይወርድልኝም። ካልበላሁ ደግሞ ይብስብኛል፤ ሰው ሁሉ ያስጠላኛል፣ አንቺም ጭምር። ከዚህ በየት በኩል እንደሚወጣ አላውቅም።

እትዬ ደስታነሽ እንደ እኔው ጿሚ ናቸው። ሰሞኑን ሥጋ ሲጠብሱ እዚህ ድረስ ይሸተን ነበር እኮ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቂኝ?

ይሁን፣ ተዪው።

ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ይገባል። ያኔ መዋሸት አያስፈልገኝም፤ የምፈራውም እሱን ነው።

ማታ ሽሮው ላይ ቅቤ ጨምሪበት። በኦሮምኛሽ “ኛዱ፣ ኛዱ፣ እህል ብዪ እንጂ” እያልሽ ግን አትጨቅጭቂኝ። ዝም ብለሽ አጠገቤ ተቀመጪ። ጾም ነው ካልኩሽም እንዳታምኚኝ።

ሰሎሜ