የአባትህ ሱሪ ወገብ

ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፤ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ ደህና ነን።

አባትህ ሲጋራ ተወ። ሲያምረው ካሮት ይቆረጥማል፤ የታክሲው መተርኮሻ የካሮት ጭራ ብቻ ሆኗል። ግን ወፈረ። ፀጉር አስተካካዩ «ቦርጭ አወጣህ» ቢለው ተናዶ መጣና፣ «ከምወፍር ባጨስ ይሻለኛል» ብሎ ወደ ሱቅ ሊወጣ ሲል በስንት ልመና መለስኩት። በማግስቱ ሥራ ሲሄድልኝ የሱሪዎቹን ወገብ ሁሉ ፈትቼ፣ አስፍቼ ሰፋሁለት። አሁን «ይኸው፣ ሱሪዬ ልክክ ነው» እያለ ጎረቤቱን ያደርቃል። እንዳትነግርብኝ።

የላክህልኝ ሹራብ ደርሶኛል፣ ተባረክ። ሁለቴ ባጥበውም የሲጋራው ሽታ አልለቅ አለኝ። ልቆጣህ አይደለም። ሱሪ ልሰፋልህ ስለሆነ የወገብህን ልክ ላክልኝ፤ ለቀቅ አድርጌ እሠራዋለሁ። እግዜር የአባትህን ቦርጭ ይስጥህ።

እናትህ